የተሾመች ጡሩምባና ሦስቱ ስፖርተኞች

ተሾመች ሱቅ ስትገባ ቀድሞ ሰላም የሚላት የለም። ሁሉም «ማን ነው?» ብሎ ነው የሚቀበላት።

«ማንም አይደለም፤ ሽንኩርት ፈልጌ ነው» ትላለች።

ባለሱቁ ያኔ ትንፋሹን ይለቅና፣ «እንዴት አደሩ እትዬ ተሾመች?» ብሎ ደህና ደህናውን ሽንኩርት ይመርጥላታል።

ታክሲ ውስጥም ያው ነው። ከሀይሌ ጋርመንት ስትሳፈር አጠገቧ የተቀመጠ የሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጇን ነው። ጡሩምባውን ካልያዘች ወሬ ይጀምራል። ከያዘች ግን ሰውየው ዝም ብሎ የታመሙ ዘመዶቹን በልቡ ያስባል።

ተሾመች ለምዳዋለችና ትስቃለች። ክብ ፊት፣ ሰፊ ደረት ያላት፣ ከቃሏ ሳቋ የሚቀድም ሴት ናት። ላያት ሰው ለሠርግ ቤት የተፈጠረች ትመስላለች። ሥራዋ ግን የዕድሩን ጡሩምባ መንፋት ነው። በሰፈሩ ሰው ሲያርፍ ጎህ ሲቀድ ተነስታ በየቅያሱ እየዞረች አንድ ረጅም ትንፋሽ ትነፋለች። ከዚያ ቆም ትልና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በዜማ ትጣራለች። ያንን የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም፣ ከጎንደር የመጣውም ከወላይታ የመጣውም፣ ለዚያ ድምፅ እኩል ነው የሚነሳው።

ከእሷ በፊት ጡሩምባውን የሚነፋው ባሏ ደምሰው ነበር። ደምሰው ያረፈ ዕለት ዕድርተኛው ግራ ገባው። ድንኳኑ አለ፣ አግዳሚው አለ፣ ትልልቁ ድስት አለ፤ የሚነፋ ሰው ግን የለም። የጡሩምባ ነፊው ሞት በማን ይነገር? ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ሲመካከሩ ተሾመች ጡሩምባውን ከተሰቀለበት ሚስማር አውርዳ በመሀላቸው አልፋ ወጣች። የመጀመሪያው ትንፋሽ ባዶ አየር ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው እንደ ጥጃ ጮኸ። ሦስተኛው ግን ልክ ደምሰው እንደሚያወጣው ሆኖ ወጣ፤ ውሾቹ እንኳ እሱ መሰላቸውና ዝም አሉ። የባሏን ስም በራሷ አፍ ጠርታ፣ ሰፈሩን ዞራ፣ ተመልሳ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች። «ሰው እስኪገኝ ያዢው» ብለዋት ነበር። ሰው ሳይገኝ ዓመታት አለፉ፤ ጡሩምባው የእሷ ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጫት ነበር። ያንን ጡሩምባ ሰምቶ ፈገግ ያለ ሰው አይታ አታውቅም። ደምሰው ጎበዝ ነፊ ነበር፣ እሷም ጎበዝ ናት፤ ሆኖም እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት የሚጠራቸው አልነበረም።

ይባስ ብሎ በዚህ ዓመት የጡሩምባው ነገር ራሱ አጠራጣሪ ሆነ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረ መድኅን ከልጃቸው ትልቅ ስልክ በስጦታ አገኙ። ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ከስልኩ ወዲህ ግን ዓለም በሙሉ በመዳፋቸው ውስጥ ያለች መሰላቸው። በኅዳር ስብሰባ ላይ ስልኩን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ወገኖቼ፣ ጡሩምባ የድሮ ሰው ነገር ነው» አሉ። «እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በዚህች ጣት አንድ ጊዜ ነካ ሳደርግ አባላቱ በሙሉ ይሰማሉ። በታኅሣሡ ስብሰባ እንወስን።»

ተሾመች ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። አጠገቧ የነበረችው ጎረቤቷ ንግስት በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ንግስት የሰፈሩ አልቃሽ ናት፤ ጡሩምባው እንደጮኸ የመጀመሪያውን እሪታ የምታሰማው እሷ ነች።

«እሺ፣ እኔስ ምን ሰምቼ ላልቅስ?» አለች ንግስት። «ስልኩ ጭርር ሲል ልጄ መስላኝ ሄሎ ልበል?»

ተሾመች ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ጡሩምባውን ከሚስማሩ አውርዳ ጉልበቷ ላይ ይዛው ቆየች።

ታኅሣሥ እንደገባ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ፈጣን ልጅ በሯን አንኳኳች። ሜሪ ትባላለች፤ የቴሌቪዥን ዝግጅት አዘጋጅ ናት። ፉሪ ላይ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን የሚሠራው ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ቀርቷል። ለእሱ መርጃ በስፖርቱ ዓለም ስማቸው የገነነ ሦስት ሰዎች በቀጥታ ሥርጭት ሊወዳደሩ ነው። ክብደት አንሺው ኮርሳ፣ ቦክሰኛው ራጉኤል፣ ማራቶን ሯጯ ቤተልሄም። የሚወዳደሩት ደግሞ ማንኛቸውም በማያውቁት ነገር ነው፤ ጆንያ ውስጥ ገብቶ መዝለል፣ ማንኪያ ነክሶ እንቁላል መሸከም፣ የመሳሰለው። ተመልካች እየሳቀ ስልክ ይደውላል፣ ይረዳል።

«ፊሽካ የትም አለ፣ እማማ» አለች ሜሪ። «እኛ ውድድሩን በሰፈሩ ድምፅ ማስጀመር ነው የፈለግነው። ስለ እርስዎ ጡሩምባ ነገሩን።»

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ተሾመች። የሰው ጥያቄ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«ኧረ ማንም። ለደስታ ነው።»

«ለደስታ?»

«ለደስታ። ከነፉ በኋላ የሦስቱን ስም ይጠራሉ፤ በቃ።»

ተሾመች ልጅቷን እስከ ዋናው መንገድ ሸኝታ ተመለሰች። ስትመለስ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። ጡሩምባውን አውጥታ በሎሚና በአመድ ታሸው ጀመር፤ ነሐሱ ፊቷን እስኪያሳያት አሸችው። ንግስት በአጥሩ ቀዳዳ አየቻት።

«ምነው፣ ልታገቢ ነው?»

«በቴሌቪዥን ልነፋ ነው።»

«እስካሁን የሰፈሩን አረዳሽ፤ አሁን ደግሞ ያገሩን?»

«ለደስታ ነው የምነፋው፣ አንቺ።»

«አንቺ ለደስታ ስትነፊ እኔ በምን ልለየው?»

ይህ ቃል ተሾመችን አሳሰባት። እውነት ነው፤ ሰው ጡሩምባ ሰምቶ ደስ ይበለኝ ብሎ አይወጣም። ስለዚህ ወደ አቶ ገብረ መድኅን ሄደች።

«ጋሽ ገብሬ፣ እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ ልነፋ ነው። ሰው እንዳይደነግጥብኝ አስቀድመው ይንገሩልኝ።»

አቶ ገብረ መድኅን ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል መነጽራቸውን አደረጉ። «አየሽ ተሾመች፣ ስልክ ማለት ለዚህ ነው» አሉና በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ። የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡላት፦ «እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ ጡሩምባ ይነፋል። የደስታ ነው፣ እንዳትደነግጡ። ቤተሰብ በሙሉ ተገኙ።» ከዚያ ነካ አደረጉት።

«ሄደ?» አለች።

«ሄደ። አሁን ሁሉም ጋ ነው። ስትነፊ ማንም አይደነግጥም፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በስብሰባው ላይ ይህንኑ ለምሳሌ አነሳዋለሁ።»

ተሾመች አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባት። የእሷ የደስታ ቀን ደህና ካለፈ፣ ጡሩምባው የማያስፈልግ መሆኑ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ቢሆንም ቃል ገብታለች፤ ለደስታ ሳትነፋ ከምትቀርም አንድ ጊዜ ነፍታ መስቀሉን መረጠች።

እሑድ ደረሰ። ከሀይሌ ጋርመንት ገባ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ነፋሱ አቧራውን እያንከባለለ ይጫወታል። የቴሌቪዥኖቹ ሰዎች ነጭ ሸራ በቀጫጭን ብረት ላይ ዘርግተዋል፤ ካሜራው ተተክሏል፣ ድምፅ ማጉያው ተሰቅሏል። የጎደለው ሰው ነው። ከቅዳሴ የተመለሱ ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ሎሚ ሻጭ፣ ሁለት በጎች፤ ይኸው ነው። ሜሪ ካሜራ ያዡን፣ «ጠበብ አድርገህ አንሳ፤ ባዶው እንዳይታይ» ትለዋለች።

ሦስቱ ስፖርተኞች ጆንያቸውን ታጥቀው ቆመዋል። ኮርሳ ትከሻው የበር ስፋት አለው፤ ጆንያው እስከ ጉልበቱ ብቻ ነው የደረሰለት። ራጉኤል አፍንጫው በቡጢ ብዛት ትንሽ የዞረ፣ ድምፁ ግን እንደ ዲያቆን የለዘበ ሰው ነው። ቤተልሄም ከጆንያው ውስጥ አንገቷ ብቻ ነው የወጣው።

«እማማ፣ ከእኛ ማን ያሸንፋል?» አላት ኮርሳ ተሾመችን።

«አንተ ከወደቅክ መሬቱ ይጎዳል፤ እንዳትወድቅ ብቻ።»

ራጉኤል ሳቀ። ተሾመችም ደስ አላት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጥለቱ በደንብ እንዲታይ አድርጋ ካሜራው ፊት ቆመች። ሜሪ እጇን ስታወርድ ጡሩምባውን አነሳች፣ ደረቷን ሞላች፣ ነፋች።

ድምፅ ማጉያው ድምፁን ተቀብሎ እንኳን ለሜዳው ለመላው ነፋስ ስልክ ክፍለ ከተማም የሚበቃ አደረገው። ረጅም፣ የተዋጣ፣ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ትንፋሽ ነበር። ከነፋች በኋላ ስማቸውን ልትጠራ ቆመች፤ አሁን ችግሩ መጣ። ተሾመች ከጡሩምባ በኋላ ስም የምትጠራበት ዜማ አንድ ብቻ ነው። ሌላ አልተማረችም። አፏን ስትከፍት የወጣው እሱ ነበር።

«የሰፈራችን ሰዎች፣ ስሙ… ክብደት አንሺው ኮርሳአአ… ቦክሰኛው ራጉኤልልል… ሯጯ ቤተልሄምምም…»

ቃሉ ከአፏ ሳያልቅ አወቀችው። ኮርሳ ጆንያውን እንደያዘ ዞሮ አያት። ራጉኤል ቀስ ብሎ አማተበ።

«እማማ፣ እኔ ራሴ ለራሴ አዘንኩ» አለ።

ሜሪ ግን የዚህን ሰፈር ዜማ አታውቅምና፣ ውድድሩ ተጀምሯል ብላ አጨበጨበች። ሦስቱም መዝለል ጀመሩ። ጆንያው ዱብ ዱብ ይላል። ተሾመች ጆሮዋን ወደ ቤቶቹ ሰጠች። ጋሽ ገብሬ ነግረውልኛል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይደነግጥም እያለች ራሷን ታጽናናለች።

ከቆርቆሮ አጥሮቹ ወዲያ አንድ እሪታ ወጣ። የንግስት ነው፤ ተሾመች በሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች። የደስታ ነው የተባለችውን ያ ዜማ አስረስቷታል። ተከትሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ከየቅያሱ ወደ ሜዳው ጎረፉ። ድንኳን ተካዮቹም ማንንም ሳይጠይቁ የዕድሩን ድንኳን፣ ምሰሶና ካስማ በጋሪ ጭነው ከኋላ እየገፉ መጡ። ባዶው ሜዳ አፍታ ሳይቆይ በለቀስተኛ ሞላ።

ንግስት ከፊት ነበረች። «ሯጬ፣ ቤተልሄሜ፣ እግርሽ ነፋስ የነበረው! ማን ቀደመሽ ዛሬ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። በዚያው ቅጽበት ቤተልሄም በጆንያ ውስጥ እየዘለለች ፊቷ ደረሰች፤ ሁለቱም ቆሙ።

«እማማ፣ አለሁ» አለች ቤተልሄም።

ንግስት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አየቻት። እጇን ዘርግታም ጉንጯን ነካ አደረገቻት፤ ሞቅ ያለ ነው።

«ታዲያ ጆንያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እየተወዳደርኩ ነው።»

«ከማን ጋር?»

ቤተልሄም ወደ ኋላ ጠቆመች። ኮርሳን አንድ ሽማግሌ አንገቱን አቅፈው ያለቅሳሉ። «አባባ፣ ደህና ነኝ እኮ» ይላቸዋል። «ዝም በል ልጄ፣ ገና ዓለምህን ሳታይ» ይሉታል ሳይለቁት። ኮርሳ በዓለም መድረክ ላይ ያን ሁሉ ብረት ያነሳ ሰው፣ የሽማግሌውን ክንድ ማላቀቅ አቃተው።

ራጉኤል ቀድሞ ወደ ሁለተኛው ውድድር አልፎ ነበር። በጥርሱ ማንኪያ ነክሷል፤ በማንኪያው ላይ እንቁላል አለ። ሦስት ሴቶች ከበውት ሊያቅፉት ሲሉ እሱ እጁን እያወዛወዘ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። መናገር አልቻለም። ንግስት አየችው።

«ቦክሰኛ፣ አልሞትክም? ተመስገን። ግን በጾሙ እንቁላል አፍህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ራጉኤል ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እንቁላሉ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ተሾመች ይህን ሁሉ ከዳር ቆማ ታያለች። ጡሩምባውን ከጀርባዋ ደብቃዋለች፤ ወርቅ መስሎ ያበራ ስለነበር በትከሻዋ በኩል ይታያል። አገር በሙሉ በቀጥታ እያየ ሦስት ሰው በቁማቸው ለቀብር ጠርታለች። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። አለቀ፣ ዛሬ አበቃልህ ትላለች በልቧ፤ ጡሩምባውን ይሁን ደምሰውን እንደምታናግር ለራሷም አልታወቃትም።

አቶ ገብረ መድኅን ስልካቸውን ጨብጠው በሰው መሀል እየተጋፉ መጡ።

«ልኬላቸዋለሁ» ይላሉ ላገኙት ሁሉ። «ለሁሉም ልኬላቸዋለሁ። እንዴት አያዩም?»

ይህን እያሉ ከፉሪ በኩል አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ መጥቶ ሜዳው ዳር ቆመ። በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ የወጣው ከበሮ ነው። ከዚያ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች እያጨበጨቡ ወረዱ፤ እልልታው ከለቅሶው ጋር ተደባለቀ። ከፊት ያለችው የአቶ ገብረ መድኅን እህት ወጋየሁ ናት።

«ገብሬ፣ ይኸው ቤተሰብ በሙሉ መጣን» አለች። «ሙሽራዋ የታለች?»

አቶ ገብረ መድኅን ስልካቸውን አዩ። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩ። ለጥር ትንሿን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ለዘመዶቻቸው በስልኩ ላይ የሠርግ ኮሚቴ የሚል ቡድን ከፍተው ነበር። የጡሩምባው መልእክት የሄደው ለእነሱ ነው። የዕድሩ ሰው አንድም አልደረሰው።

ወጋየሁ ያዘቀዘቀውን ሕዝብ ዞር ዞር ብላ አየች። እልልታዋን በግማሽ አቋረጠችና፣ «ምነው፣ ቤተሰቡ አልተስማማም?» አለች።

ሳቁን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ንግስት ናት የሚሉ አሉ፤ ኮርሳን አቅፈው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው የሚሉም አሉ። ብቻ አንዱ ጀመረና እንደ ሰደድ እሳት ሜዳውን ያዘው። ሴቶች ባዘቀዘቁት ነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ተንፈራፈሩ። ቤተልሄም ጆንያዋ ውስጥ ተቀመጠች። ካሜራ ያዡ በጉልበቱ ተንበርክኮ ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ምስሉ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ሳይገባው አይቀርም። ሜሪ ወደ ተሾመች ሮጠች። ተሾመች ስድብ ነው ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። ልጅቷ ግን አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ በሳቅ ብዛት ማይኩን መያዝ አቅቷታል።

«እማማ፣ ስልኩ አልቆም አለ» አለች በመጨረሻ። «ሰው እየደወለ ነው። ለአረጋውያኑ ቤት እየረዳ ነው። አታቁሙ፣ ቀጥሉ ነው የሚሉን።»

የሰፈሩ ነፋስ ደግሞ የራሱን አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም። ያን ነጭ ሸራ ከነብረቱ ነቅሎ በሰው ሁሉ አናት ላይ አሳልፎ በጎቹ አጠገብ ጣለው። ፀሐዩ መክረር ጀምሯል። ድንኳን ተካዮቹ ጋሪያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ አለቃቸው ሚሳኤል ነው፣ ነገር አብዝቶ የማይናገር ሰው።

«መጣን አይደል?» አለ። «እንትከለው እንዴ?»

ኮርሳ እጅጌውን ሰበሰበ። «እኛም እንትከል። እናንተ አንዱን፣ እኛ አንዱን፤ ማን ይቀድማል?»

ሜዳው ጮኸ። ዕድሩ ሁለት ድንኳን ነበረው። ሁለቱም ከጋሪው ወረዱ፤ አንዱ ጋ ሦስቱ ስፖርተኞች፣ ሌላው ጋ ሚሳኤልና ሁለት ሸበቶ ባልደረቦቹ ቆሙ። ሁሉም ወደ ተሾመች ዞሩ።

«ንፊው» አሉ።

ተሾመች ራሷን ነቀነቀች። «አልነፋም።»

«ንፊው እንጂ» አለች ንግስት፤ ዓይኗ ገና በእንባ እንደረጠበ ነው። «ወይስ የቀረ አለ የምትገድዪው?»

ተሾመች ጡሩምባውን ከጀርባዋ አውጥታ ወደ አፏ ወሰደች። ትንፋሿን ስባ ልትነፋ ስትል ዓይኗ ራጉኤል ጫማ ላይ አረፈ፤ አስኳሉ እዚያው ነበር። ሳቋ መጣ። ልትይዘው ብላ ነፋች፤ ትንፋሹ ግን በሳቁ ተቆራርጦ ወጣ። ቱ፣ ቱ፣ ቱ-ቱ። እንደ ፍየል ግልገል የሚዘል ድምፅ ነበር። ከዚያ ጡሩምባ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ አያት። ተሾመች ያንን አየች። ሽማግሌዎቹን፣ ከበሮ ያዦቹን፣ ሎሚ ሻጩን አየች። ከዚያ በኋላ ለአፍታ ምንም አላየችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን መጥረግ ነበረባት።

ውድድሩን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ኮርሳ ትልቁን ምሰሶ እንደ ከዘራ ብድግ አድርጎ አቆመው፤ ከዚያ የት እንደሚያሳርፈው ስላላወቀ ይዞት ቀረ። ቤተልሄም ካስማውን ታቅፋ ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ በጣም ፈጣን ነበረች፣ ግን አንዱንም አልተከለችም። ራጉኤል ከገመዱ ጋር ገጠመ፤ ገመዱ አሸነፈው፣ ጠልፎ አስተኛው። ወጋየሁና ዘመዶቿ ማን እንደሆነ ሳይለዩ ለሁሉም ከበሮ ይመቱ ነበር። ሚሳኤልና ሸበቶዎቹ ድንኳናቸውን ተክለው፣ አግዳሚ አስገብተው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሌላውን ማየት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ምሰሶውን አስቀምጠው፤ ደከመህ» አለ ሚሳኤል ለኮርሳ።

«አልደከመኝም። ማስቀመጫውን ንገረኝ እንጂ።»

ቀጥታ ሥርጭቱ ሲያልቅ ሰው አልተበተነም። የዕድሩ ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አሁን ግን ድንኳኑም ተተክሏል፣ ሰዉም ተሰብስቧል። አቶ ገብረ መድኅን ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

«አጀንዳችንን ታውቃላችሁ» አሉ። «የጡሩምባው ጉዳይ ነው።»

ንግስት እጇን አላወጣችም፤ ዝም ብላ ቆመች። «ጋሽ ገብሬ፣ አንድ ጥያቄ። መልእክቱ የደረሰው ሰው እጁን ያውጣ።»

ከኋላ በኩል ወጋየሁና የፉሪ ዘመዶች በሙሉ እጃቸውን አወጡ። ከዕድሩ አንድም እጅ አልወጣም። ድንኳኑ እንደገና በሳቅ ተናወጠ።

«ጡሩምባው የደረሰውስ?» አለች ንግስት።

የቀረው ሁሉ እጁን አወጣ። ስብሰባውን ቆመው የሚያዩት ሦስቱ ስፖርተኞችም አወጡ። «የኔን ሞት የሰማሁት በእሱ ነው» አለ ራጉኤል።

አቶ ገብረ መድኅን ሳቁ። ክፋት የሌለባቸው ሰው መሆናቸውን ያን ዕለት ሁሉም አየ። «ጡሩምባው ይቀጥል» አሉ። «ስልኩም ገና ተማሪ ነው፤ ከኋላ ከኋላ ይከተላት። የምትዪው አለሽ ተሾመች?»

ተሾመች ተነሳች። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ እስካሁን ሥራዋ ሰው መሰብሰብ ብቻ ነበር።

«አንድ ነገር አለኝ» አለች። «ለደስታም ልንፋ። ለሠርግም፣ ሴት ስትወልድም። ለሐዘን ብቻ አትጥሩኝ።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ ተሾመች፣ እንደ ዛሬው ሲቀላቀልብንስ? ልቤን ይዤ ነው የመጣሁት እኮ።»

ተሾመች ጡሩምባውን አነሳች። መጀመሪያ ረጅሙን ነፋች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው እጁን ወደ ነጠላው ላከ። ቀጥላ ያንን የሚዘለውን ነፋች፣ ቱ፣ ቱ፣ ቱ-ቱ። እጆቹ ሁሉ ወረዱ።

«ይኸው» አለች። «ረጅሙ የደምሰው ነው። ይሄኛው የኔ ነው።»

ተስማሙ። ማታ በቴሌቪዥን የፉሪው ቤት ጣሪያ እንደሚከደን ተነገረ። ተሾመች ግን አላየችውም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ የጆንያውን ዝላይ እያስመሰለ ሲያስቃት ሰዓቱ አልፎባት ነበር።

ጥር ገባ። አቶ ገብረ መድኅን ልጃቸውን በሚድሩበት ማለዳ ተሾመች ጥለቱ ሰፊ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፣ መንገዱ ቀዝቃዛ። ከንግስት በር ስትደርስ ቆማ ነፋች። በሩ ተከፈተ። ንግስት ነጠላዋን ለብሳውም ሳትለብሰውም በእጇ ጨብጣ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ መጨረሻውን ታዳምጣለች። ቱ-ቱ ብሎ ሲያልቅ ነጠላዋን በደንቡ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ምነው አሳጠርሽው?» አለች። «እየጨፈርኩ ልወጣ ነበር።»

ሁለቱም ተያይዘው ወደ ሠርጉ ቤት ወረዱ። በማግስቱ ተሾመች ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ሚዛኑን ይዞ አያት፣ እጇን አየ፣ ፊቷን አየ።

«ማን ነው?» አለ፤ ቀጥሎም ፈገግ እያለ፣ «ወይስ ማን አገባ?»

«ማንም» አለች ተሾመች። «ሽንኩርት ስጠኝ።»